ጣውላው በግድግዳ፣ ሸክሙ በወለል



ውድ የዚህ ዓምድ ተከታታዮች፤ ባለፈው ወር ስለ መጋዝ አሞራረድ ስንጨዋወት፣ "መሣሪያውስ ይሁን፤ ጣውላውን የት እናኑረው?" የሚል ጥያቄ እንደሚከተል ገምቼ ነበር። አልቀረም፣ መጣ። ከሥራና ከትምህርት መልስ በቤታቸው ጓሮ እንጨት የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ሁሉ የሚያማርሩት በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የቦታ ጥበት። ጣውላው ወለል ላይ ሲነጠፍ መንገድ ይዘጋል። ግድግዳ ላይ ቁልቁል ሲደገፍ ይጎብጣል። ደጅ ሲያድር ደግሞ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበታል። መፍትሔው ግድግዳ ላይ መደርደር እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን። እኔም ይህን ካደረግሁ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁለት መደርደሪያ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው ወድቋል። የሁለተኛውን አሠራር ከመንገሬ በፊት የወደቀውን ላውጋችሁ፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት ከእርሱ ነውና።

እርግጥ ከእንጨት ጋር የተዋወቅሁት ከዚያ በፊት በመድረሳ ነው። ልጅ ሳለን የምንቀራበት ሎሕ ከዋንዛ የተላገ ነበር። የቀራነውን ካስደመጥን በኋላ አጥበን እናደርቀዋለን፤ ልጆች ነንና ቶሎ እንዲደርቅልን ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። ኡስታዛችን ይህን ሲያዩ ይቆጡናል። ሎሑን አንሥተው በጥላ፣ በጎኑ አቁመው፣ ነፋስ በሁለቱም ፊቱ እንዲያገኘው ያደርጉ ነበር። "ፊቱ ደርቆ ጀርባው ካልደረቀ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ሎሕ ላይ ደግሞ ፊደሉም ይጎብጣል" ይሉናል። ያን ጊዜ የቁጣ ቃል ብቻ መስሎኝ ነበር። በቀለሙ ትምህርት ቤት የእንጨትን ጠባይ ካነበብኩ በኋላ ግን ጠቅላላው ነገር በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደነበረ ገባኝ። እንጨት ከአየሩ ጋር ሁልጊዜ እርጥበት ይለዋወጣል። የአየሩ እርጥበት መጠን 50 በመቶ ሲሆን እንጨት በውስጡ የሚይዘው ውኃ ከክብደቱ 9 በመቶ ያህል ነው፤ አየሩ በክረምት 80 በመቶ ሲደርስ ወደ 16 በመቶ ከፍ ይላል። ከዚሁ ጋር አብሮ ያብጣል፣ ይሟሽሻልም። በቁመቱ ለውጡ ከቁጥር አይገባም፤ በወርዱ ግን 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የባሕር ዛፍ ጣውላ ከክረምት እስከ በጋ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሊጠብ ይችላል። እንግዲህ ማስቀመጫ ስንሠራ የምናስቀምጠው የማይነቃነቅ ድንጋይ ሳይሆን የሚተነፍስ ነገር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ2010 ዓ.ም. ከቤታችን ጀርባ 3 ሜትር በ4 ሜትር ተኩል የሆነች ክፍል ለእንጨት ሥራዬ ለየሁ። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ፣ ግድግዳዋ ብሎኬት ነው። ረጅሙ ግድግዳ ከጎረቤታችን ጋር የምንጋራው ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ሲሆን፣ በወዲያኛው በኩል አንዲት አረጋዊት እናት ይኖሩበታል። የመጀመሪያውን ክረምት ጣውላዬን ወለል ላይ ደርድሬ አሳለፍኩት። በመስከረም ሳነሣው ከሥር ያሉት ሁለቱ ጣውላዎች ሲነኩ እንደ ብስኩት ተሰባበሩ። ላያቸው ደህና ነው፤ ውስጣቸውን ምስጥ ጨርሶታል። ምስጥ ብርሃን አይወድም፤ ከወለሉ ስንጥቅ ተነሥቶ በጭቃ ዋሻ እየተከለለ ይገባል። ጣውላ ከወለል ጋር ሲነካካ መግቢያውን ማየት አይቻልም። ከወለሉ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ የጭቃው መስመር ሲወጣ ባየሁት ነበር።

በዚህ ተናድጄ በዚያው ወር መደርደሪያ ሠራሁ። ከብየዳ ቤት አራት አንጎላሬ አሠራሁ፤ እያንዳንዳቸው ወደ ፊት 40 ሴንቲ ሜትር ይወጣሉ፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው እግራቸው ግን 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ብረት ተወዷልና እግሩን አሳጠርኩት። ግድግዳውን ሰርስሬ በየአንዳንዱ ከላይና ከታች አንዳንድ ፊሸር ከተትኩና በቪቴ አጠበቅሁት። በእጄ ተንጠልጥዬ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ደስ አለኝ። 12 የባሕር ዛፍ ጣውላ፣ እያንዳንዱ ቁመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 20፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ጎን ለጎን ሁለት፣ ከፍታው ስድስት አድርጌ ጫንኩበት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችና "ካልወደቀ ያምራል" አለችኝ። እኔ ግን መልስ እንኳ አልሰጠኋትም።

አራት ወር ቆመ። በጥር 2011 ዓ.ም. አንድ ምሽት፣ ከዒሻ ሰላት በኋላ፣ ልጆቹን የቤት ሥራ ሳስጠና መሬት የተናወጠ መሰለኝ። ሮጬ ስገባ መደርደሪያው ከነጣውላው ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከአራቱ ቦታ በሁለቱ የብሎኬቱ ፊት ቦጭቆ ከነፊሸሩ ወጥቷል። የስድስት ዓመት ልጄ በዚያው ዕለት ከሰዓት ከጣውላው ሥር ቁጭ ብሎ ሰጋቱራ በማንኪያ ወደ ጣሳ ሲሞላ ነበር። ይህን ሳስታውስ ጉልበቴ ከዳኝና ጣውላው ላይ ተቀመጥኩ።

ገና ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ጎረቤታችን ነጠላቸውን ደርበው መጡ። ከእርሳቸው በኩል የግድግዳው ልስን አንድ ክንድ በአንድ ክንድ ያህል ረግፎ አልጋቸው ላይ ወድቋል። እርሳቸው ደግነቱ ገና አልተኙም፤ ከምድጃው አጠገብ ነበሩ።

"በስመአብ! መምህር፣ ቤቱን ልታወርድብኝ ነው እንዴ?"

"ይቅር ይበሉኝ እማማ፤ ጣውላ ነው የወደቀው።"

"ጣውላን ከኔ ግድግዳ ምን አገናኘው?"

መልስ አልነበረኝም። ይህን ያህል ጊዜ ግድግዳውን "የኔ" እያልኩ ስጠራው ኖሬ፣ ወዲያ ማዶ ሌላ ሰው "የኔ" እንደሚለው አላሰብኩም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር። ግድግዳውን ከመሰርሰሬ በፊት ጎረቤቴን ልጠይቅ አስቤ ነበር። ነገር ግን ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡትን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በግድግዳው ላይ እንጨት እንዳያኖር እንዳይከለክል የሚያዘውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ አስታወስኩና "እንግዲህ መብቴ ነው" ብዬ ተውኩት። ኢማም አሕመድ ይህን ግዴታ ሲሉት፣ ከሌሎቹ ኢማሞች ብዙዎቹ የተወደደ ተግባር ነው ማለታቸውን፣ ግዴታ የሚሉትም ቢሆኑ ግድግዳውን የማይጎዳ መሆን አለበት ብለው ማሰራቸውን ተምሬዋለሁ፤ ሆኖም በዚያች ሰዓት የሚመቸኝን ግማሽ ብቻ አነሣሁ። ሐዲሱ የሚናገረው ለባለ ግድግዳው ነው፤ አትከልክል ይለዋል። ለባለ እንጨቱ ሳትጠይቅ ሰርስር አላለውም። የእርሳቸውን ድርሻ የሚናገረውን ትእዛዝ ለራሴ ፈቃድ አድርጌ ወሰድኩት። አስተምረው የነበረ ሰው መሆኔ ነገሩን ያከፋዋል እንጂ አያቀለውም።

በማግሥቱ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ገዝቼ የእርሳቸውን ልስን ስመልስ ዋልኩ። ልስኑ እስኪደርቅ ቁጭ ብዬ የወደቀውን በወረቀት ላይ ማስላት ጀመርኩ። ተማሪዎቼን "ኃይል ሲባዛ በርቀት" እያልኩ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው! ደረቅ ባሕር ዛፍ በሜትር ኩብ ከ700 እስከ 800 ኪሎ ይመዝናል። አንዱ ጣውላዬ 0.02 ሜትር ኩብ ስለሆነ 15 ኪሎ ያህል ማለት ነው። 12ቱ 180 ኪሎ፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ አንጎላሬ 45 ኪሎ ይደርሰዋል። ይህ ክብደት ቁልቁል ብቻ ቢሆን ቪቴው ምንም አይለው። ችግሩ የጭነቱ መሐል ከግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ መገኘቱ ነው። እግሩ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ በሆነ አንጎላሬ ላይ 45 ኪሎው የላይኛውን ቪቴ በ90 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ የሚይዘው ቀጭን የፊት ግድግዳውን ብቻ ነው። እኔ በእጄ ተንጠልጥዬ የሞከርኩት ከሥሩ አጠገብ ይዤ ነበር። ጫፉን ይዤ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት እኔው እወድቅ ነበር። ብረት ለመቆጠብ ያሳጠርኩት እግር 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ ጉተታው ወደ 30 ኪሎ በወረደ። በባዶ ብሎኬት ላይ ግን ይህም ቢሆን ልብ የሚጣልበት አይደለም።

ልስኑን ጨርሼ እጄን ስታጠብ እማማ ቡና አቀረቡልኝ። ጣውላውን እንደገና መስቀል እንደምፈልግ፣ አሁን ግን በፈቃዳቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ስኒውን ካስቀመጡ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦

"ይኸውልህ ልጄ፣ ያ ቁም ሣጥን ስንት ዘመኑ ነው። ልብሱን ሁሉ ተሸክሞ ይቆም የለም? ግድግዳ የበሳለት የለም። ያንተ ጣውላ ለብቻው መቆም አያውቅም?"

ለሠላሳ ዓመት ፊዚክስ የተማረ ሰው ይህን አላሰበም ነበር። ግድግዳ ላይ የሚደረደር ሁሉ በግድግዳ ላይ መንጠልጠል አለበት ያለው ማን ነው? ግድግዳው እንዳይወድቅ ብቻ ይያዘው፤ ሸክሙን ወለሉ ይሸከም። ዛሬ ያለው መደርደሪያዬ የተሠራው በዚህች የቡና ላይ ጥያቄ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ እቃው ከየትም የሚገኝ ነው። ስድስት ቋሚ አለው። እያንዳንዱ ቋሚ ወርዳቸው 10፣ ውፍረታቸው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ከሆኑ ሁለት ጣውላዎች የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ትይዩ ሆነው በመካከላቸው 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ። ክንዶቹ 5 በ7 የሆነ ሞራሌ ሲሆኑ በቁመታቸው ቆመው በዚህ ክፍተት ውስጥ ይገባሉ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ደጅ። በየክንዱ ሁለት ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ከጎን እስከ ጎን ያልፋል። ዋናው ምሥጢር ግን ብሎኑ አይደለም። በአንዱ ክንድና በሚቀጥለው ክንድ መካከል ክፍተቱን በትክክል የሚሞላ ቁራጭ እንጨት ይገባል። ስለዚህ ክንዱ የሚያርፈው በቁራጩ ላይ፣ ቁራጩ ደግሞ ከሥሩ ባለው ክንድ ላይ፣ እንዲህ እየተደራረበ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ብሎኑ ቢላላ እንኳ ክንዱ የሚሄድበት የለውም። ክንዱን ስታስገቡ ጫፉ ከሥሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይበል፤ ጣውላው ወደ ግድግዳው ያዘነብላል እንጂ ወደ ሰው አይንሸራተትም። ይህን ለማስተካከል ቁራጮቹን ከላይ በኩል በትንሹ ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ የመጀመሪያውን አስተካክላችሁ ከቆረጣችሁ ለቀሩት እርሱው ልክ ይሆናል።

የቋሚዎቹ ርቀት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። እንጨት ለወራት በሁለት ድጋፍ ብቻ ተይዞ ሲቀመጥ መሐሉ ቀስ ብሎ ይረግባል፤ ጭነቱ ሲነሣለትም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ለ4 ሜትር ጣውላ ከየጫፉ 25 ሴንቲ ሜትር ትቼ ቋሚዎቹን በየ70 ሴንቲ ሜትሩ አቆምኩ። ስስ ጣውላ ለሚያስቀምጥ ሰው 50 ሴንቲ ሜትር ይሻለዋል። ሞራሌ ብቻ ከሆነ 90ም አይከፋም። ክንዶቹ በሁሉም ቋሚ ላይ በአንድ መስመር መዋላቸውን በውኃ ልክ ብቻ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥራችሁ እዩት። አንዱ ክንድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ጣውላችሁ ሁሉ ያንን ጉብታ ይማራል።

ከላይ በኩል እያንዳንዱን ቋሚ በግድግዳው አናት በሚዞረው የኮንክሪት ቢም ላይ በአንድ ብሎን አሠርኩት፤ ባዶው ብሎኬት ላይ አይደለም። ቢሙም የጋራ ነውና የቀዳዳውን ጥልቀት ሳይቀር ለእማማ አሳየኋቸው። "ከወደቀ ጣውላውን ሳይሆን አንተን ነው የምሰቅለው" ብለው ፈቀዱልኝ። ስሌቱን እዩት፤ ዛሬ በመደርደሪያው ላይ በግምት 400 ኪሎ እንጨት አለ። ቋሚው 2 ሜትር ከ40 ስለሆነና ጭነቱ ከቋሚው ፊት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሚወጣ፣ ስድስቱ ብሎኖች ተደምረው የሚደርስባቸው ጉተታ 35 ኪሎ አይሞላም። ቀድሞ አንዲት ቪቴ ብቻዋን 90 ኪሎ ትጎተት ነበር፤ አሁን አንዱ ብሎን 6 ኪሎ አይደርሰውም። ከግማሽ በታች ለሆነ ሸክም ግድግዳ ያፈረሰው እኔ ስሆን፣ ከእጥፍ በላይ ለሆነው ግድግዳው ያለ አይመስለውም።

ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ይህ አሠራር ይበልጥ ይበጃችኋል። ጭቃ ምስማር አይዝም፤ የሚይዘው ከውስጥ ያለው እንጨት ነው። ግድግዳውን በጣታችሁ መታ መታ እያደረጋችሁ ድምፁ ድፍን የሚልበትን ፈልጉ፤ እዚያ ቋሚ አለ። የመደርደሪያውን አናት ከዚያ ጋር ወይም ጣሪያውን ከተሸከመው ወራጅ ሥር ካለው እንጨት ጋር እሠሩት። ማገር ላይ ግን እንዳትተማመኑ። ወለሉ አፈር ከሆነ ከየቋሚው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ፤ እርጥበቱንም ምስጡንም ያርቃል። አቅም ያለው ሰው ሁሉንም በቱቦላሬ ማስበየድ ይችላል፤ እግሩ ወለል እስኪነካ ድረስ ይሁንለት እንጂ ከብረት ጋር ጠብ የለኝም።

አሁን ወደ አደራደሩ። ከሥር ያለው ረድፍ ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በየሳምንቱ ባትሪ አብርታችሁ ከሥሩና ከቋሚዎቹ እግር የጭቃ መስመር መኖሩን ማየት ነው። ከባዱ ባሕር ዛፍ ከታች ይሁን፤ ዋንዛ ቀላል ነው፣ ይኸው 4 ሜትር ጣውላ ከ10 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም፤ ከትከሻ በላይ ቢሆንም ለማውረድ አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ዋንዛን ከቆርቆሮው ሥር አታስጠጉት። በበጋ ቀትር ከቆርቆሮ ሥር ያለው አየር እንደ ምጣድ ነው፤ የላይኛው ፊት ቶሎ ይደርቅና ጣውላው እንደ ቦይ ይጎብጣል። ኡስታዛችን ሎሑን ከፀሐይ ያነሡት ለዚህ ነበር። በብርዳማ ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮ ያልበዋል፣ ጠብታው ቀጥታ ከላይኛው ረድፍ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከቆርቆሮው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ክፍተት ትቻለሁ። ከላይኛው ረድፍ ላይም የማላዝንለትን አሮጌ እንጨት እንደ ክዳን አስቀምጫለሁ።

ጣውላ በጣውላ ላይ ሲደረደር በመካከሉ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መለያያ ቁራጭ ይግባ፤ መለያያው ደግሞ በክንዱ ትክክል፣ አንዱ በሌላው አናት ላይ ይዋል። ከክንዱ ወጣ ብሎ ከገባ ክብደቱ ሁሉ ተደጋፊ በሌለበት ያርፋል፣ ጣውላውም ሞገድ ይሠራል። ገና ከመሰንጠቂያ የመጣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን መደርደሪያው ላይ አይውጣ። 15 ኪሎ ያልነው ጣውላ እርጥብ ሲሆን ከ20 ኪሎ ያልፋል፤ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በመለያያ ተደርድሮ፣ አናቱ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ይክረም። ባለሙያዎች ለ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ይላሉ፤ እኔ ሁለት ክረምት ካላየ አላምነውም። የጣውላውን ሁለት ጫፎች የተረፈ ቀለም ወይም የቀለጠ ሻማ ቀቧቸው። እንጨት በጫፉ በኩል ከገጹ ይልቅ አሥር እጥፍ ያህል ፈጥኖ ውኃ ያጣል፤ ጫፉ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። በቀባችሁት ጫፍ ላይ የእንጨቱን ዓይነትና የገዛችሁበትን ወርና ዓመተ ምሕረት ጻፉበት። ከሦስት ዓመት በኋላ አቧራ የለበሰ ጣውላ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

ኮምፔንሳቶና ቺፑድ በክንድ ላይ አይወጡም። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ሙሉ ቺፑድ ብቻውን ከ35 ኪሎ በላይ ነው፤ ለጥ ብሎ በክንዶች ላይ ሲውል በየመካከሉ ይረግባል፣ ለማውረድም ሁለት ሰው ይፈልጋል። በረጅም ጎኑ፣ ሁለት ሞራሌ ላይ፣ ለመቆም ጥቂት በቀረው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይቀመጥ። ብዙ ዘመም ካለ ሆዱ ይወጣል።

የክንዶቹን ጫፍ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት አድቦልቡሉት፤ የሦስተኛው ረድፍ ጫፍ በትክክል የአዋቂ ዓይን ላይ ነው፤ የሁለተኛው ደግሞ የልጅ ግንባር ላይ። እኔ ቀይ ጨርቅ አሥሬባቸዋለሁ። ልጆች መሰላል አድርገው እንደሚወጡበትም እርግጠኛ ሁኑ፤ የእኔው ወጥቷልና። ከማብሪያና ማጥፊያ፣ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከምድጃ ይራቅ የሚለውን ለመናገር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ግን ሰጋቱራ እንደ ባሩድ መሆኑን የሚረሳ ሰው አይቻለሁ።

የቀረው የቁርጥራጭ ነገር ነው። ይህ በሽታ ነው። መደርደሪያ ሲገኝ እጅ መጣል ያቆማል። እያንዳንዷ ስባሪ "አንድ ቀን ትጠቅማለች" ተብላ ትወጣለች፤ ቀኑ ግን አይመጣም። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቴ ገብታ ዙሪያውን አየችና "ይኼ መደርደሪያ ሳይሆን መቃብር ነው" አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ አዲስ ጣውላ ገዝቼ የማወጣበት ቦታ አጥቼ ወለል ላይ አንጥፌ ነበር፤ ማለትም ወደ 2010 ዓ.ም. ተመልሼ ነበር። አሁን አንድ በርሜል አለኝ። ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ወደ በርሜሉ ይገባል፤ በርሜሉ ሲሞላ ወደ ምድጃ ይሄዳል። ዋንዛ ሲሆን ብቻ ሕጉን እጥሳለሁ። ባለፈው ዓመት ከዋንዛ ቁርጥራጭ ለእማማ ረከቦት ሠራሁላቸው። እግሩ ትንሽ ይወላገዳል፤ እርሳቸው ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት አድርገውበት ያፈሉበታል።

ስለ ጭቃ ግድግዳ የጻፋችሁልኝ ወንድም፣ የቋሚውን ስዕል በፖስታ ልኬላችኋለሁ። ስለ ምስጥ መከላከያና ጽድ ለምን እንደማይበላ ለጠየቃችሁት ደግሞ በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እመለስበታለሁ። እስከዚያው መደርደሪያ ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ገብታችሁ የላይኛውን ቪቴ በጣታችሁ ነካ አድርጉት፤ ከግድግዳው የፀጉር ያህል ብቅ ብሎ ከሆነ ጣውላውን ሳታሳድሩ አውርዱት።